ኮምፒውተር መቀየርና የጠፋችው ቡሎን

ባለፈው መስከረም መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሬን ቀየርኩ። አዲሱን ላፕቶፕ ከከፈትኩበት ደቂቃ አንስቶ የምሠራበት የሶፍትዌር ፕሮጀክት ተነሥቶ ቴስቶቹ (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትኑት) በሙሉ እስኪያልፉ ድረስ 52 ደቂቃ ፈጀ። ሰዓት ይዤ ነበር። ከዚያ በፊት የቀየርኩት በ2014 ክረምት ነው። ያኔ ዘጠኝ የሥራ ቀን ፈጅቶብኛል።

በሁለቱ መሀል የቤቴ ኢንተርኔት አልፈጠነም። እኔም ቴርሚናል ላይ (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት ነው) ፈጣን የምባል ሰው አይደለሁም። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ የትኛው ሥራ መቼ እንደሚሠራ። ይህን ነገር ብዙ ጊዜ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ስናወራው ቆይተናል፣ ዛሬ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ዘጠኙን ቀን ልንገራችሁ። ሐምሌ ነው። ዝናቡ አያባራም፣ መብራት በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይሄዳል ይመጣል። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ከሶኬት ከተነቀለ ወዲያው ይጠፋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ ሲመጣ ላፕቶፑን አበራሁት፤ መብራቱ በራ፣ ዊንዶውሱ ግን አልነሣ አለ። ከውስጡ ጢክ ጢክ የሚል ድምፅ ይሰማል። ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ጆሮውን አስጠግቶ ትንሽ ሰማና “ወንድሜ፣ ሃርድ ዲስኩ አልቆለታል” አለኝ።

ብዙ አልደነገጥኩም። ኮዱ ጊትሀብ በሚባለው የኢንተርኔት የኮድ ማስቀመጫ ላይ አለ ብዬ ነው። ሁለት ቀን መገናኛ አካባቢ ስዞር ቆይቼ ስላይትሊ ዩዝድ የሚባል ላፕቶፕ ገዛሁ። ኮር አይ ፋይቭ፣ ሰቨንዝ ጀነሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም። ሦስተኛው ቀን ፕሮግራሞችን በማውረድ አለቀ። አራተኛው ቀን ላይ ፕሮጀክቱን ሳስነሣው እምቢ አለ። የሚሠራው በአንድ የተወሰነ የኖድ (ኮዱን የሚያስኬደው ሶፍትዌር) ቨርዥን ብቻ ነው፣ የትኛው እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም። እኔም አላስታውስም፤ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ጭኜው ረስቼዋለሁ። አንድ በአንድ እየሞከርኩ አመሸሁ።

ትልቁ ነገር ግን ከአምስተኛው ቀን በኋላ የመጣው ነው። ፕሮጀክቱ ከክፍያ አገልግሎት ጋር የሚገናኝበት የሙከራ ቁልፍ፣ ማለትም እንደ ይለፍ ቃል ያለ ምስጢር፣ ነበረው። ቁልፎቹ አንድ ትንሽ ፋይል ውስጥ ነው ያሉት። ፋይሉን ጊት (የኮዱን ለውጥ የሚመዘግበው ፕሮግራም) እንዳይነካው አድርጌያለሁ፤ ይህ ትክክል ነው፣ ምስጢር ከኮድ ጋር አብሮ አይሰቀልም። ነገር ግን ያ ፋይል በዓለም ላይ ያለው የሞተው ዲስኬ ላይ ብቻ ነበር። ቁልፎቹን የሰጠን ሰው እረፍት ላይ ነው። እሱን ስጠብቅ አራት ቀን ሄደ። አሥር መስመር የማይሞላ ፋይል ነው እኮ የምላችሁ።

ሌላም የጠፋ ነገር አለ፣ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ። ያኔ የምንሠራው የተማሪዎች መዝገብ ላይ ነበር፤ ስም ሲፈለግ ፊደሉ ምንም ቢሆን እንዲያገኝ እፈልጋለሁ። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሃይ፣ ጸሀይ ብሎ የጻፈ ሰው ሁሉ አንዷን ልጅ ማግኘት አለበት። ለዚህ ብዬ በሁለት ወር ውስጥ አራት መቶ የሚያህሉ ስሞችን ከነአጻጻፍ ዓይነታቸው ሰብስቤ ነበር። ኮሚት አላደረግኩትም፣ ማለትም ጊት ውስጥ አላስገባሁትም። “ሲያልቅ” ብዬ ነው። ሳያልቅ ሄደ።

በዚያው ክረምት፣ ቁልፉን እየጠበቅኩ ሥራ ፈትቼ በተቀመጥኩበት፣ ስለ ሊን አሠራር ማንበብ ጀመርኩ። ሊን የሚለውን ስም አሜሪካዊው ጆን ክራፍሲክ በ1988 እ.ኤ.አ. ነው ያወጣለት፤ አሠራሩ ግን ከቶዮታ ፋብሪካ የመጣ ነው። ፍሬ ነገሩ ሥራው ያለ ብክነት እንዲፈስ ማድረግ ነው። ከሁሉ በላይ ልቤን የያዘው ስለ አንዲት ቡሎን ያነበብኩት ታሪክ ነው።

ሺጌዎ ሺንጎ የሚባል ጃፓናዊ የምርት አማካሪ ነበር። በ1950 እ.ኤ.አ. ሂሮሺማ ውስጥ ያለ ቶዮ ኮግዮ የሚባል ፋብሪካ ጠራው፤ ዛሬ ማዝዳ የምንለው ነው። ትልልቆቹ የብረት መጫኛ ፕሬሶች ሥራውን አጨናንቀውታል። ሺንጎ ቆሞ ማየት ጀመረ። አንድ ቀን የ800 ቶኑ ፕሬስ ቅርጽ ማውጫው፣ ማለትም ዳዩ፣ ሊቀየር ማሽኑ ቆመ። ሠራተኛው ግን አይቀይርም፤ ወዲያ ወዲህ ይሮጣል። ዳዩን ከሚያስሩት ቡሎኖች አንዷ ጠፍታለች። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈለጋት። በመጨረሻ ከጎረቤት ማሽን ረዘም ያለች ቡሎን ፈትቶ አመጣ፤ ቆረጣትና ጥርስ አውጥቶላት አሰራት። ያ ሁሉ ሲሆን 800 ቶን የሚጫነው ማሽን ቆሞ ይጠብቃል።

ሺንጎ ከዚህ ያወጣው ሐሳብ ሲሰሙት ቀላል ነው። ማሽን ሲቀየር የሚሠራው ሥራ ሁለት ዓይነት ነው አለ። አንዱ ማሽኑ ቆሞ ብቻ የሚሠራ ነው፤ አሮጌውን ዳይ ማውጣት፣ አዲሱን ማስገባት። ሌላው ማሽኑ እየሠራ እያለ ሊሠራ የሚችል ነው፤ ቡሎን መቁጠር፣ መፍቻውን አጠገብ ማስቀመጥ፣ ቀጣዩን ዳይ አምጥቶ ማዘጋጀት። ሰዎች ሁለቱን ደባልቀው ማሽኑ ከቆመ በኋላ ነበር የሚሠሩት። በ1969 እ.ኤ.አ. ቶዮታ ውስጥ የ1,000 ቶን ፕሬስ ለመቀየር አራት ሰዓት ይፈጅ ነበር። መጀመሪያ ወደ 90 ደቂቃ አወረዱት። አለቆቹ ቀጥለው በሦስት ደቂቃ ይሁን አሉ። በሦስት ወር ውስጥ ሆነ። ለዚህ ደግሞ ማንም መሮጥ አላስፈለገውም፤ ማሽኑ ቆሞ ይሠራ የነበረውን እየነቀሉ አስቀድሞ ወደሚሠራው አዛወሩት እንጂ።

ይህን ሳነብ ዘጠኙን ቀን ወረቀት ላይ አወጣሁት። ማሽን ቆሞ ብቻ የሚሠራው የትኛው ነው? ላፕቶፕ መግዛት፣ ሲስተም መጫን፣ ኮዱን ማውረድ። ሁሉም ቢደመር ሦስት ቀን ቢሆን ነው። የቀረው ስድስት ቀን በሙሉ ዲስኩ ጤነኛ እያለ፣ ሻይ እየጠጣሁ ልሠራው የምችለው ነበር። ያቺ የቁልፍ ፋይል የእኔ ቡሎን ነበረች።

ከዚያ አጎቴ ትዝ አለኝ። ጋሼ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቷል። ካይዘንን፣ ማለትም ሥራን ትንሽ በትንሽ የማሻሻሉን የጃፓኖች ዘዴ፣ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሥራ ቦታው ነው የሚያውቀው። እኛ አገር ካይዘን በጃፓኖች ድጋፍ 30 ድርጅቶች ላይ ተሞክሮ፣ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለት የተስፋፋ ነገር ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ግን ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ነው። አምስቱ “ማ”ዎች፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ብዙ መሥሪያ ቤት ማጽዳቱ ላይ ቆሟል፤ ጠረጴዛ ተወልውሎ፣ ፋይል ላይ ቁጥር ተለጥፎ አበቃ። ይህ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ጥሩ ሐሳብ ደግሞ ሰው ሲሰለቸው ማየት ከባድ ነው።

የጋሼ ክፍል ግን አልቆመም። የመሣሪያ ሰሌዳ ነበራቸው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ጣውላ ነው፤ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ በቀለም ተስሎበታል። የመፍቻው፣ የፒንሳው፣ የመዶሻው፣ የካቻቢቴው። ልጅ ሆኜ ምሳ ላደርስለት ስሄድ አየው ነበር፤ ሥዕል ይመስለኝ ነበር። በኋላ ሳድግ ጠየቅኩት።

“ጋሼ፣ ያ ሰሌዳ ግን ምን ይጠቅማችሁ ነበር? መሣሪያ ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ አይሆንም?”

“ሳጥን ያለውን ነው የሚያሳይህ” አለኝ። “ሰሌዳው የሌለውን ነው የሚያሳይህ። ማታ ስወጣ አንዱ ቅርጽ ባዶ ከሆነ አያለሁ። ጠዋት ማሽኑ ሲቆም አይደለም የምሰማው።”

ይህች ነገር ከብዙ መጽሐፍ በላይ ረድታኛለች። እስከዚያ ድረስ ባክአፕ ሲባል የሚታየኝ ሳጥን ነበር፤ ያለኝን ሁሉ ገልብጬ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ መጫን። ግን የሌለኝን የሚነግረኝ ነገር አልነበረም።

ስለዚህ “ሰሌዳ” የሚል ፋይል ከፈትኩ። ስሙም እንደዚሁ ነው፣ ሰሌዳ። አንድ ባዶ ኮምፒውተር የእኔ የሥራ ኮምፒውተር እስኪሆን ድረስ የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያ ይጻፋል። መጀመሪያ ተራ ጽሑፍ ነበር፤ ይህን ጫን፣ ያን አውርድ። ቀስ በቀስ አብዛኛው ወደ ስክሪፕት ተቀየረ፣ ራሱ ይሠራዋል። የኖዱ ቨርዥን እያንዳንዱ ፕሮጀክት ውስጥ ተጻፈ። ዳታቤዙ በዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር በአንድ ጥቅል የሚያስነሣ መሣሪያ ነው) እንዲነሣ አደረግኩት፤ በእጅ መጫን ቀረ። የቴርሚናሌ፣ የኤዲተሬ፣ የጊት ማስተካከያዎቼ በሙሉ አንድ ሪፖ (የጊት ማስቀመጫ) ውስጥ ገቡ።

የምስጢር ፋይሉን ደግሞ ልክ እንደ ጋሼ ሰሌዳ አደረግኩት። የቁልፎቹ ስም ብቻ ያለበት፣ ከፊታቸው ባዶ የሆነ ፋይል ከኮዱ ጋር ይሰቀላል። ይህ ቅርጹ ነው። ትክክለኛዎቹ ቁልፎች ሌላ ቦታ፣ የፓስወርድ ማስቀመጫ ውስጥ ናቸው። ፕሮግራሙ ሲነሣ መጀመሪያ ቅርጹን ያያል፤ ከቁልፎቹ አንዱ እንኳ ከጎደለ የትኛው እንደሆነ በስሙ ጠርቶ ይቆማል። ብዙ ቡድን የምሳሌ ፋይል የሚለውን ነገር ያደርጋል፣ አዲስ አይደለም። ግን ለምን እንደሚያደርገው ሲገባው ነው ሳይረሳ የሚያድሰው።

አማርኛ መጻፊያውንም ረስቼው አላውቅም እል ነበር፤ ሁልጊዜ ግን የምረሳው እሱን ነው። ኡቡንቱ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ የአማርኛ ኪቦርዱ አይባስ በሚባለው በኩል በሁለት መስመር ትእዛዝ ይጫናል። ሁለት መስመር ናት፣ አሁን ሰሌዳው ላይ ከላይ ሁለተኛ ነች። በቋንቋዬ መጻፍ የማልችልበት ኮምፒውተር የእኔ አይመስለኝም።

ሰሌዳው ትክክል መሆኑን ግን በምን አውቃለሁ? መሞከር ነው ያለብኝ። በየሦስት ወሩ ቨርቹዋል ማሽን ላይ (ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚነሣ ሌላ ኮምፒውተር ነው) ባዶ ኡቡንቱ አስነሥቼ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አስኬደው ጀመር። የመጀመሪያው ቀን ስድስት ቦታ ላይ ቆመ። ስድስቱም ያለ ጥርጥር አለኝ የምላቸው ነገሮች ነበሩ። ለምሳሌ ሰርቨር የምገባበት የኤስኤስኤች ቁልፍ። አዲስ አወጣለሁ ብዬ አስቤ ነበር፤ አዲሱን ሰርቨሩ ላይ ለማስመዝገብ ግን መጀመሪያ በአሮጌው መግባት ያስፈልጋል። አሮጌው ከሞተ በር ላይ ቀረሁ ማለት ነው። ያን ቀን ሁለተኛ ቁልፍ አስመዘገብኩ። አሮጌው ኮምፒውተር እየሠራ እያለ አምስት ደቂቃ ነው የፈጀው። ሞቶ ቢሆን ምን ያህል ይፈጅ እንደነበር አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም።

ይህን ስሠራ ነው ያልጠበቅኩት ነገር የመጣው። ኮምፒውተሬ ውስጥ ምን አለ ብዬ ስቆጥር 31 ብራንች፣ ማለትም ከዋናው ኮድ ተለይተው የተጀመሩ ሥራዎች፣ አገኘሁ። ያልተሰቀሉ፣ ያላለቁ። አንዳንዶቹ የዓመት ዕድሜ አላቸው። ግማሽ የተሠራ ሪፖርት፣ የተጀመረ ማስተካከያ፣ “ሙከራ 2” የሚል ነገር። የጠፉት አራት መቶ ስሞች ዓይነት ሥራ መልሶ ተከምሯል።

የቶዮታው ታይቺ ኦኖ ሰባት ብክነቶችን ዘርዝሯል። አንዱ ክምችት ነው። ፋብሪካ ውስጥ ክምችት ይታያል፤ መጋዘን ይሞላል፣ መተላለፊያ ይዘጋል፣ አቧራ ይለብሳል። ሜሪ እና ቶም ፖፕንዲክ የሚባሉ ባልና ሚስት በ2003 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ወደ ሶፍትዌር ሲያመጡት፣ የእኛ ክምችት ያላለቀ ሥራ ነው አሉ። የእኛው ክፋቱ አለመታየቱ ነው። 31 ብራንች ቦታ አይይዝም። ላፕቶፑን አያከብደውም። ጭንቅላትን ግን ያከብዳል።

ሒሳቡም አለ። ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1961 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው ሕግ ነው። በአማካይ በእጅህ ያለው ሥራ፣ በሳምንት ከምትጨርሰው ብዛት ጋር ሲካፈል፣ አንዱ ሥራ ከተጀመረ እስኪያልቅ የሚፈጀውን ጊዜ ይሰጥሃል። 12 ሥራ ከፍተህ በሳምንት 3 የምትጨርስ ከሆነ እያንዳንዱ በአማካይ አራት ሳምንት ይቆያል። በዚያው ፍጥነት እየሠራህ የከፈትከውን ወደ 3 ብታወርደው አንድ ሳምንት ይሆናል። እጅህ አልፈጠነም፤ ወረፋው ነው ያጠረው። ደንበኛ ደውሎ “የት ደረሰ?” ሲል የሚጠይቀው ስለዚህ ወረፋ ነው።

ብራንቾቹን አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጬ አየኋቸው። አምስቱ የሚጠቅሙ ነበሩ፣ ጨረስኳቸው። የቀሩትን አጠፋኋቸው። ማጥፋቱ ከባድ ነበር፤ አንዳንዱ ላይ የሳምንት ልፋት አለ። አሁን ከሁለት ሥራ በላይ አልከፍትም፣ ማታ ከመነሣቴ በፊት ደግሞ ያላለቀውም ቢሆን ይሰቀላል። ኮምፒውተሬ አሁን ቢሞት የሚሄደው የዛሬ ሥራ ብቻ ነው።

አሁን ወደ መስከረሙ ልመለስ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ እንደሚያቆም ካሳወቀ ቆይቶ ነበር። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በጥቅሉ ኤይትዝ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የእኔ ሰቨንዝ ነው። እንደዚያ ዓይነት ላፕቶፕ ያለው ሰው እኛ አገር ስንት እንደሆነ አስቡት፤ ምንም ያልሆነ፣ ደህና የሚሠራ ማሽን። እኔ ለሥራው ኡቡንቱ እጠቀም ስለነበር ዊንዶውሱ ጎን ለጎን ነበር። ራሙ ግን ጠቦኛል፤ ዶከርና ብራውዘር አብረው ሲከፈቱ ይታፈናል።

ልገዛ ተነሣሁ። ዋጋውን ሳይ ግን ቆም አልኩ። እውነት የሚያስጠብቀኝ ኮምፒውተሩ ነው? ሁለት ሳምንት ሙሉ ደብተር ይዤ የጠበቅኩትን ሁሉ ጻፍኩ። ኮምፒውተሩን የምጠብቀው በቀን ወደ 40 ደቂቃ ሆኖ ተገኘ። ቀላል አይደለም። ነገር ግን የጨረስኩት ኮድ ሌላ ሰው አይቶ እስኪያጸድቀው የሚጠብቀው ከሁለት እስከ አራት ቀን ነበር። እኔም የሌሎቹን እንደዚያው አስጠብቃለሁ። በጣም ውዱን ላፕቶፕ ብገዛ ከአራቱ ቀን ላይ አንድ ሰዓት እንኳ አይቀንስልኝም። ደብተሩን ለቡድኑ አሳየሁ። ተነጋገርን፤ ጠዋት ማንም የራሱን ሥራ ከመክፈቱ በፊት የሰው ሥራ እንዲያይ ተስማማን። አሁን አብዛኛው በማግስቱ ያልቃል። ላፕቶፑንም ገዛሁ፣ 16 ጊጋ ራም፣ መካከለኛ ዋጋ። ውዱ አላስፈለገኝም።

የቀየርኩበት ቀን ቅዳሜ ነበር። ኡቡንቱውን ዋዜማው ማታ ፍላሽ ላይ አዘጋጅቼዋለሁ። ትልልቆቹን የዶከር ኢሜጆች ከአሮጌው ማሽን ገልብጬ ፍላሹ ላይ ነበሩ፤ ኢንተርኔት ቢጠፋ እንኳ እንዳልቆም። አሮጌው ጠረጴዛው ላይ እየሠራ ነበር። ሰሌዳውን አስነሣሁት። ቡና ተፈላ። አንድ ቦታ ብቻ ቆመ፤ የዋይፋዩ ድራይቨር አልነበረም፣ በስልኬ ኬብል ኢንተርኔት ሰጥቼው ቀጠለ። ያችንም ጻፍኳት። በ52ኛው ደቂቃ ቴስቱ አለፈ። እህቴ “ጨረስክ እንዴ?” አለችኝ፣ ምክንያቱም አሮጌውን እየጠበቀች ነበር። እሱን ዊንዶውሱን አጥፍቼ ኡቡንቱ ብቻ አደረግኩላት፤ ለዩኒቨርሲቲ ሥራዋ ከበቂ በላይ ነው።

በሳምንቱ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የእሷም ማሽን መሞቅና መጥፋት ጀምሮ ነበርና ሰሌዳውን ላክልኝ አለች። ላክሁላት። ማታ ላይ ደወለች።

“ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመብኝ።”

“ምን አለ?”

“የአንተን ፎልደር ስም ጽፈህበታል። ያንተ ማሽን ላይ ብቻ ነው የሚሠራው።”

ሦስት ዓመት ሙሉ ሳስኬደው አላየሁትም። አስተካክላ፣ ከሥሩ ሁለት የራሷን መስመር ጨምራ መልሳ ላከችልኝ። አሁን ሰሌዳው የቡድኑ ሪፖ ውስጥ ነው ያለው፤ በየሦስት ወሩ ሙከራውን የምታስኬደውም እሷ ነች።